ያዣት

እሺ… ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ከጀርባዬ የሚሰማው ዶሮ ዛሬም አለ፣ እንደምታውቁት ነው፣ ስለሱ ምንም አልልም። መጀመሪያ ይቺን ድምፅ ስሙልኝ።

(ቀጭ)

ሰማችሁ? ቆይ ማይኩን ላቅርበው… (ቀጭ)። እሷ ናት። የእትዬ፣ ያሳደጉኝ ሴትዮ፣ የስፌት መኪና የቦቢን ቤት፣ የታችኛው ክር የሚጠነጠንበት ቦቢን የሚገባባት ትንሽ ብረት። ምላሷን በጥፍሬ ከፍቼ ስለቃት ነው እንደዛ የምትለው። አሁን እዚህ ኮምቦልቻ ጠረጴዛዬ ላይ ናት፣ መኪናዋ ደሴ ናት፣ እና ቅዳሜ ማታ ጃኬቴን ስሰቅል ኪሴ ውስጥ ካገኘኋት ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። አልደወልኩም። እሳቸውም አልደወሉም። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ይቺ ነገር ለእትዬ ምን እንደሆነች የድሮዎቹ ታውቃላችሁ፣ የ2014ቱን ጦርነት ሳወራ ነግሬያችኋለሁ። ጥቅምት ላይ ደሴን ለቀን ስንወጣ ሰው ፍራሽ ይሸከማል፣ ሰው በግ ይጎትታል፣ እሳቸው መኪናዋ ስር ቁጭ ብለው ክዳኗን አንሸራተው ይቺን አወጡና ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። አባቴ "አሁን እሷ ምን ትሰራልሻለች?" ሲላቸው "ያለሷ ብረት ናት፣ ማንም ወስዶ አይሰፋባትም" አሉት። ደብረ ብርሃን ድረስ እንደዛው ተቋጥራ ሄደች። ስንመለስ የቤቱ ዕቃ ግማሹ የለም፣ መኪናዋ ግን ከነመርገጫዋ ቆማለች፣ ቺንጋዋ ብቻ ተቆርጧል። ከዛ ወዲህ ነው እንግዲህ ስፌት በጨረሱ ቁጥር አውጥተው የሚቋጥሯት። ማታ ማታ፣ እስከ ዛሬ። እኛም ለምን አንልም።

እና ቅዳሜ። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር፣ ሚኒባሱ በቀን መብራት አብርቶ ነው ያወጣን፣ ደሴ ስደርስ ብርዱ ሌላ። እትዬ የጎረቤት ልጅ ዩኒፎርም ሱሪ ሊያሳጥሩ ተቀምጠው አገኘኋቸው፣ ሰኞ ትምህርት ይጀመራል፣ ሌላ ሁለት ሱሪ ደግሞ ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ተራ ይጠብቃል። የታችኛው ክር አልቆባቸው ነበር።

ቦቢኑን ራሳቸው ናቸው ያጠነጠኑት። ማጠንጠን ላይ ዓይን አያስፈልጋቸውም ወላሂ። መዘውሩ መሀል ያለችውን ክብ ብረት ፈታ አደረጓት፣ እሷ ስትፈታ መዘውሩ ይዞራል መርፌው ግን አርፎ ይቀመጣል፣ ከዛ ቦቢኑን ማጠንጠኛዋ ላይ ሰኩት፣ ጎማ ቀለበቷን ወደ መዘውሩ አስጠጉና ክሩን በሁለት ጣታቸው መሀል እያሳለፉ ረገጡ። ክሩን ወጥራ የምትይዘው ነገር ከተሰበረች ስንት ዘመኗ፣ ጣታቸው ነው እሷን የሚተካው። ጣቱ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ እኩል እንዲተኛ። ጢም አድርገው አይሞሉትም፣ ካበጠ ቤቷ ውስጥ አይዞርም። እና ታውቃላችሁ አይደል "አጠንጥኚ" አይሉም፣ "ደውሪ" ነው የሚሉት። አያታችን ሸማኔ ነበሩ፣ እትዬ ልጅ ሆነው ክር የሚጠቀለልበት ቀሰም ላይ ድውር ሲደውሩ ነው ያደጉት፣ ቀሰሙ መወርወሪያው ውስጥ ይገባና በድሩ መሀል ይመላለሳል፣ እንግዲህ እሱም ቦቢን ነው ብታስቡት። እንደውም ከይቺ በፊት የነበሩት የስፌት መኪናዎች የታችኛውን ክር የሚይዙበት ነገር ክብ አይደለም፣ ረዘም ያለ ነው፣ ቁርጥ የሸማኔ መወርወሪያ ነው የሚመስለው፣ ወደፊት ወደኋላ ይወዛወዛል። ፎቶውን አይቼ በጣም ነው የገረመኝ፣ ለእትዬ አሳያቸዋለሁ ብዬ ነበር እኮ፣ ቅዳሜ። ሳላሳያቸው መጣሁ።

ምን ልል ነበር… እሺ። ቤቷን በግራ እጃቸው ያዙ፣ ቦቢኑን በቀኝ።

አንዳንዶቻችሁ ሞክራችሁት ታውቁ ይሆናል፣ ዝም ብሎ ከትቶ መዝጋት አይደለም። ክሩ ከቦቢኑ አናት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እየወጣ መግባት አለበት፣ ቀጥሎ ጠርዟ ላይ ያለች ስንጥቅ አለች እዛ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ደግሞ በመጣበት ይመለስና ሞላዋ ስር ሾልኮ በጫፏ ይወጣል። ሲስቡት ቦቢኑ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ ከዞረ ልክ ነው። ዩቲዩብ ላይ አስር ደቂቃ የሚያስረዱትን እትዬ በልጅነቴ በአንድ አፍ ነው የጨረሱልኝ፣ "ተመልሶ ካልሄደ አይያዝም"። ከዛ ክሩን ይዘው ቤቷን አንጠልጥለው ነቅነቅ ያደርጓታል፣ ትንሽ ወርዳ ቆም ካለች ውጥረቱ ደህና ነው፣ ዝም ብላ ከወረደች ላልታለች፣ ጭራሽ ካልወረደች ጠብቃለች። እኔ ያኔ እንድነካት አይፈቀድልኝም ነበር፣ ማየት ብቻ።

ስንጥቋ ፀጉር ብታክል ነው። ክሩ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቤቷም በዕድሜ ጠቁራለች፣ መስኮቱን ጉም ሸፍኖታል፣ መብራት ሄዷል። የዓይናቸውን ሞራ ነገር ታውቃላችሁ፣ ኦፕራሲዮኑን "ከመስከረም በኋላ" ካሉ ሁለት መስከረም አለፈ። የመጀመሪያውን ሳቱ። ጫፉን በምራቃቸው አርጥበው ደገሙ፣ ሳቱ። በሶስተኛው ክሩ ስንጥቋን አልፎ ጠርዟ ላይ ተንሸራተተ፣ እና አውራ ጣታቸው ሞላዋን እየዳበሰ፣ ቀስ ብሎ፣ የት ጋ እንደሆነች እየፈለገ…

እጄ ሄደ።

እጄ ሄደ ነው የምለው። "ያምጡ እትዬ" ብያለሁ? ቅዳሜ ማታ ብያለሁ ብዬ ራሴን አሳምኜ ተኛሁ፣ እሁድ ስነሳ ግን ድምፄ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ጣታቸው ነው። ወዲያው አልለቀቁም። ያዝ አድርገው ነበር፣ አንድ ሰከንድ አትሞላም፣ ግን ያዝ አድርገው ነበር። እኔ ጎትቼ ነው? ወይስ እሳቸው በደንብ እስክይዛት ጠብቀው ነው፣ እንዳትወድቅ? ዕቃ ስንቀባበል ሌላው ሰው እስኪጨብጥ አንለቅም አይደል፣ እሱ ሊሆን ይችላል። እሱ ከሆነ ተቀበልኳቸው ነው የሚባለው። እሱ ካልሆነ ቀማኋቸው ነው። በሁለት እጅ ተቀበሉ ብለው ያሳደጉኝን ሴትዮ ማለት ነው… እና በአንድ እጅ ነበር፣ እሱን አስታውሳለሁ፣ በሌላው ስልኬን ይዤ ነበር።

ምንም አላሉም። "ጀበናዋ ልትገነፍል ነው" ብለው ተነሱ። ጀበናዋ ገና አልተጣደችም ነበር።

እኔ ደግሞ በዛ ሰዓት ምን ተሰማኝ መሰላችሁ፣ ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን እንዳልነካት የተከለከልኩት ነገር እጄ ላይ ናት፣ ክሩ በአንዴ ገባልኝ፣ ተመልሶ ሄደ፣ ሞላዋ ስር ገባ፣ አንጠልጥዬ ነቀነቅኳት፣ ወረድ ብላ ቆመች። ቦታዋ ላይ ገፋ አደረግኳት፣ ቀጭ። የላይኛውን ክር መርፌው ውስጥ አስገብቼ በግራ እጄ ይዤ መዘውሩን ወደ ራሴ አንድ ዙር፣ የታችኛው ክር ቀለበት ሰርቶ ብቅ አለ። ወላሂ እንደ ህፃን ነው የሳቅኩት። እሳቸው ከሰል እያራገቡ ነበር፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ።

ከዛ ረገጥኩ፣ ከስር ተተበተበ። ሱሪው ስር የክር ጎጆ። ቦቢኑ ነው ብዬ ቤቷን መልሼ አወጣኋት፣ የሞላዋን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ልነካ ስል እትዬ ሳይዞሩ "ከላይ ነው" አሉ። ከድምጿ ነው ያወቁት፣ ጨርቁንም አላዩት። እና እውነታቸውን ነው፣ ከስር ሲተበተብ ሁሉም ሰው የታችኛውን ክር ነው የሚጠረጥረው፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የላይኛው ነው። የላይኛውን ክር ያስገባሁት ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናዋን እግር ዝቅ እንዳደረግኩ ነበር፣ እግሩ ዝቅ ካለ ክር የምትወጥረው ነገር ተጣብቃ ትቆያለች፣ ክሩ መሀሏ አይገባም፣ ስለዚህ የላይኛው ልል ሆኖ ወደ ታች ይዘረገፋል። እግሩን አንስቼ ከመጀመሪያው አሳለፍኩት፣ ተስተካከለ። ሁለቱንም የሱሪ እግር ሰፋሁ። ቀጥ ያለ ስፌት ነው፣ አምጥቼ አሳየኋቸው፣ በጣታቸው ዳብሰው "አበጀሽ" አሉኝ። በጣታቸው ነው ያዩት።

በነገራችን ላይ መኪናዋ ሲንገር ናት፣ ቁጥሯን ፈልጌው ነበር፣ ስኮትላንድ ክላይድባንክ የሚባል ከተማ ነው የተሰራችው፣ ፋብሪካው በፈረንጆች 1980 ተዘጋ፣ ባቡር ጣቢያው ግን እስካሁን "ሲንገር" ነው ስሙ። ፋብሪካ የለም፣ ሰው ግን "ሲንገር ወራጅ" ይላል ማለት ነው። እሱን ለምን እንዳነሳሁት… በቃ ደስ ስላለኝ ነው።

ማታ ላይ ልሄድ ስል ቤቷን አወጣሁላቸው። እንደ ልማዳቸው ይቋጥሯታል ብዬ። ሲኒ እያጠቡ ነበር፣ እጃቸው እርጥብ ነው። "እትዬ ይቺው" ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና "ያዣት" አሉ።

ያዣት።

እጄን እስካደርቅ ያዣት ነው? ወይስ… ያዣት? ያንቺ ትሁን? እንደምታውቁት በኛ አፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። ብዙ ጊዜ ደጋግሜዋለሁ፣ ድምፃቸውን ልምሰል ብዬ ሁሉ ሞክሬያለሁ፣ እንዲህ ስለው አንደኛው ይሆናል፣ እንዲያ ስለው ሌላኛው። ጎረቤት ገባ፣ ጨዋታ መጣ፣ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ሆነ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ኪሴ ውስጥ ከትቻት ነበር፣ መቼ እንደከተትኳት አላውቅም።

አዲስ መግዛት ይቻላል እኮ፣ ይሄ ቁጥር 15 የሚባለው አይነት አሁንም ይመረታል፣ የቻይናዎቹ መኪናዎችም የሚጠቀሙት እሱን ነው። ገዝቼ ልልክላቸው አስቤ ነበር፣ እሁድ። ከዛ ራሴን ጠላሁት፣ ምክንያቱም እሱ ማለት ይቺኛዋን ማስቀረት ነው።

ልደውል ስልኩን አነሳለሁ፣ ምን ልበል? "እትዬ ረስቼ ይዣት መጣሁ" ልበል? አውቀው ሰጥተውኝ ከሆነስ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ከነጠላቸው ያልፈቱትን ፈተው ሰጥተውኝ ዕቃ እንደረሳ ሰው ባወራ… አይሆንም። "አመሰግናለሁ እትዬ" ልበል? ረስተዋት ከሆነስ? ያኔ መኪናዬን ወሰደች ማለት ነው፣ መኪናዋ እኮ አሁን ብረት ናት፣ ራሳቸው ናቸው ያሉት። እና ረስተዋት ከሆነ እስከ ዛሬ ለምን አልደወሉም? እሳቸውም እንደኔ የሚሉት ጠፍቷቸው ይሆን? ወይስ ፈልገው አጥተዋት በየጥጉ እየዳበሱ… አይ፣ እሱን አላስብም።

ነገ በጠዋት ብወጣ ይሻላል። ሳልደውል። ግን ይዣት ስገባ ፊታቸው ላይ… እኔ እንጃ። ፊታቸውን ሳየው አውቃለሁ ብዬ ነበር፣ ግን አሁን ሳስበው ቅዳሜም እኮ ፊታቸውን እያየሁ ነበር።

እና እነዛ ሁለት ሱሪዎች። ትናንት ትምህርት ተጀምሯል። አንደኛው ልጅ ሱሪው በጣም ነበር የሚረዝመው፣ ተረከዙ ስር ይገባል፣ እትዬ ሲለኩት አይቻለሁ፣ በኖራ ምልክት አድርገውበታል። በመርፌ በእጃቸው ሰፍተውለት ይሆን? በዛ ዓይን? ወይ አጥፎት ሄዶ…

(ቀጭ)

ቆይ ስልኬ ነው… አይ፣ እሳቸው አይደሉም።