የጸዳውን ፔጅ ደግሞ ማጽዳት ይቅር

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

እንድናገር የተጋበዝሁት ስለ ከርነል፣ ማለትም የኮምፒዩተሩን ሜሞሪና ፕሮሰሰር ለፕሮግራሞች ስለሚያድለው ሶፍትዌር፣ ፍጥነት በጠቅላላው ነበር፤ እኔ ግን የመጣሁት አንድ ጉዳይ ይዤ ነው፤ እሱም ያጸዳነውን ሜሞሪ መልሰን ማጽዳታችን ነው።

አንድ ፕሮግራም አዲስ ሜሞሪ ሲነካ የሚደርሰው ፔጅ፣ ማለትም 4,096 ባይት የሚይዝ የሜሞሪ ቁራጭ፣ ቀደም ሲል የሌላ ፕሮግራም የይለፍ ቃል የተቀመጠበት ሊሆን ስለሚችል፣ ከርነሉ ከመስጠቱ በፊት በዜሮ ይሞላዋል። ይህ ግዴታ ነው። በ2019 ደግሞ ሊኑክስ በተባለው ከርነል እትም 5.3 ላይ፣ ማንም ይጠይቅ ማን፣ ሜሞሪ አዳዩ ክፍል ራሱ እያጸዳ እንዲሰጥ የሚያደርግ አማራጭ ተጨመረ። ይህም መልካም ሥራ ነበር። ጥፋቱ አንዱ ማጽዳቱን ሌላው አለማወቁ ነው።

ያን ክረምት አብራችሁኝ ያመሻችሁ ታስታውሳላችሁ። ፕሮግራማችን ሲነሳ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ግራ ገብቶን ጊዜው የት እንደሚጠፋ የሚለካውን መሣሪያ፣ ፐርፍን፣ ከፍተን ብናይ፣ ያው የማጽጃ ፈንክሽን በሁለት መንገድ ተጠርቷል፤ አንዴ ከአዳዩ፣ አንዴ ከፔጅ ፎልት ተቀባዩ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ገና ያልተሰጠውን ፔጅ ሲነካ ከሚነሳው የከርነል ክፍል። 512 ትናንሽ ፔጆችን የሚያህለው ባለ 2 ሜጋባይቱ ትልቅ ፔጅ ለአንድ ጥያቄ 4 ሜጋባይት ዜሮ ይጻፍበት ነበር። ከመካከላችን አንዱ ስክሪኑን በጣቱ ነክቶ «ይኼ እኮ ቅድም ጸድቷል!» ያለው እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ሌሊቱን ማስተካከያውን ጽፈን ለኃላፊዎቹ ላክን፤ የመጣልን መልስ «ለደኅንነት ሲባል ባለበት ይቆይ» የሚል አንድ መስመር ነበር።

ይህን መልስ ዛሬም አልቀበለውም! ዜሮ የሆነውን ዜሮ ማድረግ የማንን ምስጢር ይሸፍናል? የአማራጩ መግለጫ ራሱ በፍጥነት ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ በአብዛኛው ከ1 በመቶ በታች፣ በአንዳንድ ሰው ሠራሽ መለኪያዎች ግን እስከ 7 በመቶ መሆኑን ይናገራል። በዚህ ላይ ከንቱ ድካም ስንጨምርበት፣ ፍጥነት የቸገረው ሰው አማራጩን ጨርሶ ያጠፋዋል። ደኅንነትን የሚጎዳው ያ ነው!

በ2024 መጨረሻ ሊኑክስ ድግግሞሹን ሲያስቀር፣ አንድን ፔጅ በሁለት አድራሻ ሲያዩት ካሻቸው (በውስጣቸው ያለ ፈጣን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ውስጥ እንደ ሁለት የሚይዙ ፕሮሰሰሮች ለብቻቸው መታየት ነበረባቸው፤ እነሱ ላይ የተጠቃሚው ፔጅ በራሱ መንገድ ካልጸዳ ዳታ ይበላሻል። የእኛ ጽሑፍ ይህን አላየም ነበር።

የምንሠራበት ከርነል ግን የቆየው ነው። ማስተካከያችንን የእነዚያን ፕሮሰሰሮች ጉዳይ ጨምሬበት በዚህ ሳምንት እንደገና እልካለሁ፤ የሁላችሁም ስም አሁንም ከሥሩ አለ።