ክፍል 47፦ «ወዲያው»

እሺ። ይሰማል? ይሰማል መሰለኝ።

ያው አሮጊቷ መኪናዬ ውስጥ ነኝ። ማሞቂያዋ ዛሬም እንደ ቆሎ እየተንጣጣ ነው። ብዘጋው እኔ እበርዳለሁ፣ ብከፍተው እናንተ ታማርራላችሁ። ማሞቂያውን አሠራበት ብለህ 20 ዶላር የላክህልኝ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። ብርህን በልቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አልቀዳሁም። ምነው ጠፋህ ያላችሁኝ አላችሁ። ደህና ነኝ። ማለቴ... እትዬ፣ ይቺን አይቁጠሩብኝ። ባለፈው ክፍል 61 ጊዜ «ማለቴ» ብለሃል ብለው ደውለውልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከዚያ ወዲህ አፌን ስከፍት እንኳን እፈራለሁ።

ችሎቱ አለፈ። ማክሰኞ። ችሎት የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው እንጂ ዳኛ የለበትም። አምስት ሰዎች ናቸው። ስክሪን ላይ ተደርድረው ይሰሙሃል፣ ይጠይቁሃል፣ ከዚያ አንተ በሌለህበት ድምፅ ይሰጣሉ። ሦስቱ እሺ ካሉ ከአሜሪካ ጦር ስሰናበት ወረቀቴ ላይ የጻፉት «ጄኔራል»፣ ሁለተኛ ደረጃ ስንብት በሉት፣ «ኦነረብል»፣ ንጹህ ስንብት ይሆናል። መልሱ በፖስታ ይመጣል። መቼ? አይታወቅም። ወራት ነው የሚሉት።

ታሪኩን እንደገና አልተርክም፣ ባጭሩ ወታደር ሳለሁ ጠጥቼ ነድቼ ግንብ መታሁ። ለአዲሶቹ፣ ክፍል 30 እና 31ን ስሙ። 31 ላይ የእኔዋ ሴት የስንብት ወረቀቴን፣ ዲዲ 214 የሚሉትን፣ ረጅሙን ኮፒ እንዴት እንዳገኘችው አለላችሁ። አጭሩ ኮፒ ላይ የስንብቱ ዓይነትና ምክንያቱ አይጻፍም፣ ረጅሙ ላይ ግን «ሚስኮንዳክት»፣ ጥፋት፣ ብሎ ቁጭ ነው። እኔ ስንት ዓመት አጭሩን ሳሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። አባቴ ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶ የሚያዩ ደግሞ ኮፒም አያስፈልጋቸው፣ ዩኒፎርሙን አይተው ጨርሰዋል።

እና ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ቃል ነው። አንዲት ቃል ነች እንቅልፍ የነሳችኝ። ሞኝነት ሊመስላችሁ ይችላል። ለእኔም ቀን ቀን ሞኝነት ይመስለኛል።

አርባ ደቂቃ ያህል በደህና ሄደ። የሕግ ትምህርት ቤቱ ተማሪ፣ ያ እናንተ «ጠበቃው ሕፃን» ያላችሁት ልጅ፣ ጎበዝ ሆኖ ነው የዋለው። አፍጋኒስታንን፣ ካንዳሃርን አወራ። እንቅልፌን አወራ። መጠጡን አወራ። እኔም የተለማመድኩትን ተናገርኩ፣ ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ከአምስቱ አንዷ፣ መነጽር ያደረገችው፣ እስከዚያ ድረስ ምንም ያልጠየቀችው፣ ወረቀቷን ገለጠችና ለስለስ ባለ ድምፅ ከመኪናው ግጭት በኋላ ፖሊሶቹ እስኪደርሱ ምን ያህል ጊዜ ወሰደ አለችኝ።

እኔም «ራይት አወይ፣ ማም» አልኩ። ወዲያው።

አላሰብኩም። አፌ ነው የመለሰው። እሷ የሆነ ነገር ጻፈች፣ «ታንክ ዩ» አለችኝ፣ አለፈች። ሌላኛው ሰውዬ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፣ አውቶቡስ እነዳለሁ አልኩ፣ ሁሉም ፈገግ አሉ፣ አለቀ።

እና ላፕቶፑን ዘግቼ ወጥ ቤት ገብቼ ውኃ እየቀዳሁ ሳለሁ ምን ትዝ ቢለኝ ጥሩ ነው? ሲጋራው።

መኪናዋ የካምፑ በር ላይ ያለውን ግንብ ከመታች በኋላ እኔ አንድ ሲጋራ አጭሻለሁ። አንድ ሙሉ ሲጋራ። አብሮኝ የነበረውን ጓደኛዬን፣ የኦሃዮውን ልጅ፣ ከመኪናው አውጥቼ ሳሩ ላይ አስተኝቼዋለሁ። ሰክሯል፣ ትከሻውን ይዞ ያቃስታል። ማጅራቱ አጥንት ተሰብሮ ነበር፣ አይ ማጅራት አይደለም፣ ይሄ እዚህ አንገት ሥር ያለው፣ ስሙ ጠፋኝ። ያኔ አላወቅኩም። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ለኮስኩ። አጨስኩ። ቁራጩን በጫማዬ አጠፋሁት፣ እሱን ራሱ አስታውሳለሁ፣ ሁለቴ ነው የረገጥኩት። ከዚያ ነው ሰማያዊውን መብራት ያየሁት። ከዚያ ነው «ማን ነው የነዳው?» ሲሉኝ በአገጬ ወደ ሳሩ ያመለከትኩት።

በአገጬ። እጄን እንኳን አላነሳሁም።

ቆይ። ስልኬ ነው። ... አቤት። ... አዎ። አዎ ደረስኩ። ... ደርሻለሁ እኮ፣ መኪና እያቆምኩ ነው። እሺ። እሺ።

ሰማችሁ? ደርሻለሁ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የግሮሰሪ ፓርኪንግ ላይ ቁጭ ብዬ «ደርሻለሁ»። ከዚህ ቤቴ ሃያ ደቂቃ ነው። ይሄን ቆርጬ አላወጣውም፣ የእኔዋም ትስማው፣ ታውቃለች። አማርኛችን እኮ ነው! «መጣሁ» ያለህ ሰው ገላውን እየታጠበ ነው። «እየወጣሁ ነው» ካለህ ካልሲውን እየፈለገ ነው። «ወዲያው እመለሳለሁ» ብሎ የወጣ ሰው ለቅሶ ደርሶ፣ ምሳ በልቶ፣ አንድ ሁለት ሰው አስታርቆ ነው የሚመጣው። ማንም ዋሸህ አይልህም። ታዲያ «ራይት አወይ»ን ስል በአማርኛ አስቤ ቢሆንስ? በሐሳቤ ውስጥ «ወዲያው» ነበረ፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ነው ውሸት የሆነው። እ?

ይሄን ለጠበቃው ሕፃን ብነግረው እንዴት እንደሚያየኝ ይታየኛል።

ደግሞ ማነው በቋንቋ የሚያሳብበው? እኔ። በአማርኛ የተቀጠርኩት ሰውዬ! ታውቁታላችሁ፣ ማቭኒ የሚባለው የጦሩ ፕሮግራም፣ በፈረንጆቹ 2009 የጀመሩት። ግሪን ካርድ ለሌላቸው፣ ግን ቋንቋ ለሚችሉ ሰዎች የከፈቱት በር። ዝርዝሩ ላይ አማርኛ ነበረች፣ ከአልባንኛ ቀጥላ፣ በፊደል ተራ። እኔ የተማሪ ቪዛ ይዤ ሬስቶራንት ውስጥ በድብቅ ሳህን ሳጥብ የነበርኩት በ2010 ቃል ገባሁ፣ ፎርት ጃክሰን ሥልጠናውን ስጨርስ ዜግነቴን ሰጡኝ። ከዚያ ለአማርኛዬ ምን ሰጡኝ? ከባድ መኪና። ካንዳሃር አቧራ ውስጥ መሪ ይዤ አማርኛ የማወራው ከራሴ ጋር ብቻ ነበር። እንዲያውም ይሄ ፖድካስት ያኔ ነው የተጀመረው ማለት ይቻላል፣ ማይክ አልነበረኝም እንጂ።

በነገራችን ላይ፣ ያኔ «ጄኔራል» ብለው ባያሰናብቱኝና አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ቢሰጡኝ ኖሮ ዜግነቱንም ሊወስዱት ይችሉ ነበር። በውትድርና ዜግነት ያገኘ ሰው አምስት ዓመት በደንብ ሳያገለግል ከ«ኦነረብል» እና ከ«ጄኔራል» በታች ከተሰናበተ የመነጠቅ ነገር አለ። እኔ ሦስት ዓመት ከምናምን ነበረኝ። ይሄን ያወቅኩት ከወጣሁ ስንት ዓመት በኋላ ነው። ሳውቅ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

የት ነበርኩ? ሲጋራው።

ለምን ይሄን ያህል አስጨነቀህ የምትሉ ትኖራላችሁ። እንዲህ ነው። በ2017 ፔንታጎን ለእነዚህ ቦርዶች ያወጣው መመሪያ አለ፣ ጠበቃው ሕፃን አትሞ ሰጥቶኛል። ከጦርነት ጋር የተያያዘ የአእምሮ ጉዳት ያለበትን ሰው ለዘብ ብላችሁ እዩት ይላል። ችግሩ ነበረ ወይ? በአገልግሎት ላይ እያለ ነው ወይ የነበረው? ለጥፋቱ ምክንያት ይሆናል ወይ? ከጥፋቱ ይበልጣል ወይ? አራት ጥያቄ ነው። ሕመሙን ለማስታገስ ብሎ መጠጣት ሊታሰብለት ይችላል። ግን አስቦበት ያደረገው ጥፋት በአብዛኛው በዚህ አይታለፍም ይላል።

አስቦበት።

እንግዲህ መጠጡ ይታለፍልኛል እንበል። መንዳቱም ምናልባት። ግን በአገጬ ያመለከትኩት ነገርስ? ደንግጬ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ሲጋራ ሙሉ ቁጭ ብዬ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሴትየዋ ለዚህ ነው የጠየቀችኝ። አሁን ነው የገባኝ። ከአምስቱ ሰው ፋይሌን በደንብ ያነበበች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፣ ደግሞም ክፉ ሰው አትመስልም፣ በሩን ከፍታ ነው የጠየቀችኝ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ምን እያሰብኩ እንደነበር አላስታውስም። በእውነት። ሲጋራውን አስታውሳለሁ፣ ሳሩ እርጥብ እንደነበር አስታውሳለሁ፣ የልጁ አንድ ጫማ ወልቆ ነበር፣ እሱን አስታውሳለሁ። ሐሳቤን ግን... ባዶ ነው። ምናልባት ምንም አላሰብኩም። ምናልባት ደግሞ እያሰላሁ ነበር። ስለ ዜግነቴ፣ ስለ አባቴ ፎቶ፣ ልጁ እኮ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ምን ይሆናል እያልኩ። እንደዚያ አስቤ ከሆነ ጥሩ ሰው አልነበርኩም። አላውቅም።

ማመልከቻው ላይ ደግሞ «በሦስተኛው ቀን በራሱ ፈቃድ እውነቱን ተናገረ» ይላል። ልክ ነው፣ ተናግሬያለሁ፣ ማንም አላስገደደኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ልጁ ትከሻው ታስሮ የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ሰነበተ፣ በሦስተኛው ቀን ቢሮ ገብቼ እኔ ነኝ አልኩ። ግን በሩ ላይ ካሜራ እንዳለ ማታውን ሰምቼ ነበር። ይሄን ማንም አልጠየቀኝም። ባይኖር እናገር ነበር? እላለሁ አዎ። ሌሊት ሌሊት እላለሁ እንጃ።

ይሄን ለማን እንደምነግረው ግራ ሲገባኝ ለእናንተ ነገርኩ። ጠበቃው ሕፃን ይሄን ክፍል እንዳይሰማ ብቸኛ ተስፋዬ አማርኛ አለመቻሉ ነው። ደውዬለት ነበር እኮ፣ ረቡዕ። አንድ መልስ ላስተካክል እችላለሁ ወይ አልኩት። ስለምን አለኝ። ስለ ሰዓት አልኩ። ዝም አለ። ከዚያ ከዚህ በላይ ሳትነግረኝ ቢሮ ና፣ ከአስተማሪዬ ጋር ሆነን እናውራ አለኝ። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። በ2018 የወጣው ሌላው መመሪያ ደግሞ ቦርዱ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የአመልካቹ ግልጽነት ነው ይላል። ይሄንንም ያተመልኝ እሱ ነው። ሙሉውን አስምሮበት!

«ኦነረብል»ን ለምንድነው የምፈልገው ራሱን ብላችሁ ብትጠይቁኝ... ትምህርቱ ነው፣ አዎ። በ«ጄኔራል» የቪኤ፣ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤቱ፣ ሐኪም ያየኛል፣ ጂአይ ቢል የሚሉትን የትምህርት ክፍያ ግን አይሰጡኝም፣ እሱ ንጹህ «ኦነረብል» ይፈልጋል። 36 ወር የሚከፈል ትምህርት ነው፣ ከ2013 መጀመሪያ ወዲህ ለተሰናበተ ደግሞ ጊዜው አያልፍበትም። እኔ በ2013 ዲሴምበር ነው የወጣሁት። የማመልከቻው በር ነው የሚዘጋው፣ ከተሰናበትክ 15 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላኛው ቦርድ ነው። ስወጣ አንድ ሳጅን «ስድስት ወር ጠብቅ፣ በራሱ ይስተካከላል» ብሎኝ ነበር። በራሱ የሚስተካከል ነገር የለም። ስንት ልጆች ናቸው ይሄን ወሬ አምነው የተቀመጡት።

ግን ትምህርቱ ብቻ ነው? የእድራችን ሰብሳቢ የጻፉልኝን ደብዳቤ አንብቤላችኋለሁ አይደል? «ለሐዘንም ለደስታም ቀድሞ የሚደርስ ልጅ ነው።» እድር ምን እንደሆነ ለአምስቱ ሰዎች ለማስረዳት ራሱ ግማሽ ገጽ ፈጅቶብናል። ቀሲስም ጽፈውልኛል። ከመጻፋቸው በፊት ግን ምን ነበር ያጠፋኸው አሉኝ። ጠጥቼ ነዳሁ አልኳቸው። እዚያ ላይ አቆምኩ። እሳቸውም አላስጨነቁኝም፣ እግዚአብሔር ይፍታህ ብለው ጻፉ። በእንግሊዝኛ «ፎልስ ስቴትመንት» ብዬ ለአምስት ፈረንጅ ስናገር ምላሴ አልተያዘም። በአማርኛ «ጓደኛዬ ላይ ዋሸሁበት» ማለት ነው ያቃተኝ። አሁን አልኩት። አልኩት አይደል?

እሱን አላገኘሁትም። የኦሃዮውን ልጅ። ፌስቡክ ላይ አለ፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ሁሌ ዓሣ ይዞ ነው ፎቶ የሚነሳው። ሁለቱንም ትከሻ እያየሁ የትኛው ነበር እላለሁ። ጠበቃው ሕፃን እሱ ደብዳቤ ቢጽፍልህ ብሎ ነበር። አልጠየቅኩትም። እንዴት ብዬ? ያኔ ያሸከምኩህ አነሰና አሁን ደግሞ ደብዳቤ ጻፍልኝ?

ትናንት ማታ... ይሄን ለእኔዋ አልነገርኳትም፣ እንግዲህ ዛሬ ጉዴ ነው። ሲጋራ ካቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ነዳጅ ማደያው ጋ አቆምኩና አንድ ፓኬት ገዛሁ። ስልኬ ላይ ሰዓቱን ከፈትኩ። ለኮስኩ። እንደዚያን ጊዜ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ በዚህ ብርድ፣ ሰው እያየኝ። አምስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።

ግን ሳልኩ መሐል ላይ፣ ሁለቴ ሳልኩ፣ አልለመድኩትማ። ነፋስም ነበር፣ ነፋስ ደግሞ ቶሎ ይበላዋል። ያን ሌሊት ነፋስ ነበር ወይ? ሳሩ እርጥብ ነበር፣ ይሄን አውቃለሁ። ነፋሱን ግን... ፓኬቱ እዚሁ ነው፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ። አሥራ ዘጠኝ ቀርቷል። ዛሬ ነፋስ የለም።

ቆይ፣ እንደገና እየደወለች ነው።