ዎልአይ ከሐይቅ ሲወጣ፦ ከጋሼ ጋር ስለ ሞሚ ወንዝ

ሚሚ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ዎልአይ ስለሚባል ዓሣ ነው የምናወራው፣ በተለይ ኦሃዮ ላላችሁ። ጋሼ፣ ማርች ሲገባ ቀልብዎ ሁሉ ሞሚ ወንዝ ላይ ነው።

ጋሼ፦ እውነት ነው። ዋተርቪል የምትባል ከተማ ላይ የወንዙን ከፍታና ፍሰት የሚለካ የመንግሥት ጣቢያ አለ። ኢንተርኔት ላይ ማንም ያየዋል። ጠዋት ቡና ሳልቀምስ እሱን ነው የምከፍተው። ዓሣው በቀን መቁጠሪያ አይመራም እኮ፣ በውሃው ሙቀት ነው የሚመራው። ወደ 42 ፋራናይት፣ ማለትም 5 ወይም 6 ሴልሺየስ ሲደርስ ከሐይቁ ወደ ወንዙ መውጣት ይጀምራል። ከ45 እስከ 50 ፋራናይት ባለው ጊዜ ይደራል። ብዙ ጊዜ ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ማለት ነው።

ሚሚ፦ ዎልአይን ለማያውቁት ትንሽ ይንገሩልን።

ጋሼ፦ ወርቃማ መልክ ያለው፣ ዓይኑ ትልቅና ነጣ ያለ ዓሣ ነው። ዓይኑ ውስጥ እንደ ድመት ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው በደፈረሰ ውሃም ያያል። ኑሮው ኢሪ ሐይቅ ውስጥ ነው። በረዶው ሲቀልጥ እንቁላል ለመጣል ወደ ሞሚ ይወጣል። ከቶሌዶ በላይ፣ ፔሪስበርግ አካባቢ፣ ወንዙ ጠጠርና ዐለት ላይ ነው የሚሮጠው። የሚፈልገው ያንን ነው። ጎጆ አይሠራም፣ እንቁላሉንም አይጠብቅም። እንቁላሉ ጠጠሩ መሃል ገብቶ ይቀመጣል፣ ሲፈለፈል ጫጩቱን ወንዙ ራሱ ወደ ሐይቁ ያወርደዋል።

ሚሚ፦ ይህን ሲሉ ጣና ትዝ አለኝ። እርስዎ ደግሞ ባሕር ዳር ነው ያደጉት።

ጋሼ፦ አዎ፣ እዚህ ወንዝ ዳር መጀመሪያ ስቆም የታየኝ እሱ ነው። የጣናው ነጭ ዓሣም እንዲሁ ያደርጋል። ክረምት ሲሆን ብዙው ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይገባል፣ እዚያ ጠጠር ላይ ይጥላል። አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከመጣ በኋላ፣ ያ ሁሉ እናት ዓሣ ገና ሳይጥል መንገድ ላይ እየተያዘ፣ ነጭ ዓሣው ክፉኛ ተመናመነ። አሁን ሞሚ ላይ ሆድዋ የተነፋ ትልቅ ዎልአይ ስይዝ ያ ነው የሚመጣብኝ። እለቃታለሁ።

ሚሚ፦ ሕጉ ግን መያዝ ይፈቅዳል አይደል?

ጋሼ፦ ይፈቅዳል። በቀን 6 ዓሣ፣ እያንዳንዱ ቢያንስ 15 ኢንች። ደንብ ስለሚቀየር ከመሄዳችሁ በፊት የዓመቱን እዩ። እኔ ግን ለቤቴ የምወስደው ወንዱን ነው። ወንዱ ቀድሞ ይመጣል፣ ቆይቶም ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የምትይዢው አብዛኛው እሱ ነው። አነስ ይላል፣ ሥጋው ግን ምንም አይወጣለትም። ትልቋ ሴት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይዛለች። ምን አጣለሁ ብለቃት?

ሚሚ፦ እሺ፣ አያያዙ ላይ እንምጣ። እኔ አምና መጀመሪያ ስሄድ ዘንጌን ይዤ በቀጥታ መሃል ወንዝ ገባሁ።

ጋሼ፦ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ይህን ደግሜ ደጋግሜ ነው የምናገረው። ዓሣው ጉልበቱን መቆጠብ ስለሚፈልግ ኃይለኛውን ውሃ ትቶ በዳር በዳር፣ ፈጣኑና ቀሰስተኛው ውሃ በሚገናኙበት መስመር ነው የሚወጣው። ማለዳ ላይማ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ ነበረ። ስለዚህ መጀመሪያ ከዳር ሆነሽ ቅርቡን ሞክሪ። ከዚያ ትንሽ በትንሽ ግቢ።

ሚሚ፦ መንጠቆውስ?

ጋሼ፦ ነጠላ መንጠቆ ብቻ፣ የወቅቱ ደንብ ነው። ክሩ ላይ የእርሳስ ክብደት ታስገቢያለሽ፣ ከሱ በታች ከ18 እስከ 24 ኢንች ክር፣ ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ጂግ፣ ማለትም የሚንሳፈፍ ራስ ያለው መንጠቆ፣ ጂጉ ላይ ጭራው የሚወዛወዝ የላስቲክ ትል። እርሳሱ መሬቱን ይነካል፣ ትሉ ከመሬት ትንሽ ከፍ ይላል። ትንሽ ወደ ላይኛው ወንዝ አቅጣጫ ወርውሪና ውሃው ራሱ ያምጣው። እርሳሱ ጠጠሩን ጠቅ፣ ጠቅ ሲያደርግ እጅሽ ላይ ይሰማሻል። ከተቀረቀረ ከብዷል፣ ምንም ካልነካ ቀሎሻል፣ ቀይሪው። ከቀለሙ ይልቅ እኔ የምጨነቀው ለክብደቱ ነው። አጠገብሽ ያለው ሰው እየያዘ አንቺ ባዶ ከሆንሽ፣ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የእርሳሱ ነው።

ሚሚ፦ አምና የያዝኩትን ትልቁን ዓሣ ያስታውሳሉ? መንጠቆው ጀርባው ላይ ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የለቀቅኩት፣ አልቅሼም ነበር ልበል።

ጋሼ፦ አስታውሳለሁ፣ በጣም ነው የኮራሁብሽ። አጠገባችን የነበረው ሰውዬ «ማን ያያል» ብሎሽ ነበር። አፉ ውስጥ ያልገባ መንጠቆ ዓሣውን ያንቺ አያደርገውም፣ ሕግ ነው። ዓሣው ሲበዛ ደግሞ ሆን ብሎ ክሩን እየጎተተ የሚወጋ አይጠፋም። እንቁላል ሊጥል የመጣን ፍጥረት እንደዚያ ማድረግ ለኔ ነውር ነው። ጸሐይ ሳትወጣና ከጠለቀች በኋላም አይጠመድም። የሚጥለው በአብዛኛው ሌሊት ነው፣ ሌሊቱን እንተውለት።

ሚሚ፦ ስለ አደጋውም ይናገሩ፣ እናቴ ታዳምጣለች።

ጋሼ፦ ብሉግራስ ደሴት የሚባለውን ቦታ ሰው ይወደዋል፣ በእግር ተሻግረሽ ነው የምትገቢው። ጠዋት ጉልበት ላይ የነበረ ውሃ ላይኛው አገር ዝናብ ከዘነበ ከሰዓት በኋላ ወገብ ላይ ይደርሳል፣ ውሃው ደግሞ በረዶ ነው። እስከ ደረት የሚደርሰውን የላስቲክ ሱሪ ስትለብሺ ወገብሽን በቀበቶ አጥብቀሽ እሰሪ፣ ብትወድቂ ውሃ ቶሎ አይሞላውም። የሕይወት ጃኬት ልበሺ። ዱላ ያዢ። ውሃው እየደፈረሰና ቅጠል እየያዘ ሲመጣ ካየሽ፣ ዓሣው ቢበላልሽም ባይበላልሽም፣ ውጪ።

ሚሚ፦ ሁዳዴ ደግሞ ሁሌም ከዚሁ ወቅት ጋር ይገጥማል።

ጋሼ፦ እኔ በሁዳዴ ዓሣ አልበላም። አጥንቱን አውጥቼ፣ አጥቤ፣ አየር እንዳይገባበት ጠቅልዬ ፍሪዘር አስገባዋለሁ። ለፋሲካ ዶሮው እንዳለ ሆኖ፣ በማግስቱ ጉላሽ ይሠራል፣ በርበሬው በዛ ብሎ። ልጆቼ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።

ሚሚ፦ ቅዳሜስ? ውሃው ትናንት 44 ፋራናይት ነበር ብለውኛል።

ጋሼ፦ ዝናብ ካልመጣ እንሄዳለን። ሌሊት 10 ሰዓት ከኮለምበስ ብንነሳ ጸሐይ ሳትወጣ እንደርሳለን። ፈቃድሽን አድሰሻል?

ሚሚ፦ ዛሬ ማታ አድሳለሁ።

ጋሼ፦ አሁን አድሺ፣ እጠብቅሻለሁ።