ቤቱ ተቆጠረ፣ ስሙ ቀረ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ሥራ ቦታ የተነሳ አንድ ወሬ ከሁለት ሳምንት በላይ አላስተኛ አለኝ፣ ማይኩን የከፈትኩት ለዚያ ነው።

አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሴት አሉ። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፣ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ቨርጂንያ ነው። እኔ ማዘር ነው የምላቸው። ምሳ ላይ ስለ ስም ተነሳና፣ እኛ አገር ከራስ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው፣ ከዚያ የአያት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል አልኳቸው። «አንቺ እስከ ስንት ድረስ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አባቴ ልጅ እያለሁ፣ «ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ሳታውቂ እንዳትቀሪ» እያለ ያስጠናኝን ሰባቱንም ሳላቋርጥ ጠራሁላቸው። ትንሽ ኩራትም ነበረብኝ፣ አልዋሽም። ማዘር ሹካቸውን አስቀመጡ። «የእኔ 1870 ላይ ይቆማል» አሉ።

እንግዲህ ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ለምን 1870? ቤት ገብቼ ያንን ሳነብ አደርኩ።

አሜሪካ ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝቧን ትቆጥራለች። መጀመሪያ ላይ በስም የሚጻፈው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ነበር፣ ሌላው በቁጥር ያልፋል። 1850 ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። ቆጣሪው በፈረስም በእግርም ቤት ለቤት እየዞረ፣ ለየቤቱ በደረሰበት ተራ ቁጥር እየሰጠ፣ እዚያ ቤት የሚኖረውን ነጻ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ በስሙ ይጽፋል። ዕድሜው፣ ጾታው፣ የቆዳው ቀለም፣ ሥራው፣ ያለው መሬትና ቤት ስንት እንደሚያወጣ፣ የት እንደተወለደ። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ሄዷል? ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖ ማንበብና መጻፍ አይችልም? ነጻ የነበሩ ጥቁሮችም በስማቸው አሉበት። ገጾቹ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ አሉ። የአናጢውን፣ የልብስ ሰፊውን ቤት ገብታችሁ ያያችሁ ያህል ነው የሚሰማችሁ፣ ጡት የሚጠባው ልጅ ሳይቀር ስሙ አለ።

በባርነት የተያዙት ግን የተጻፉት በሌላ ቅጽ ነው።

አንዱን ገጽ ከፍቼ አየሁት። ከላይ የጌታው ስም፣ ሙሉ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት። ከሥሩ ሰዎቹ። 1፣ 1፣ 1፣ 1። በየመስመሩ አንድ ሰው ማለት ነው። 40፣ ሴት፣ ጥቁር። 19፣ ወንድ፣ ጥቁር። ከዚያ ቁጥሩ በክፍልፋይ ተጽፏል፣ 8/12። ምንድን ነው ብዬ ደጋግሜ አየሁት። የስምንት ወር ሕፃን ነው። እናቱ የትኛዋ እንደሆነች የሚናገር ነገር የለም። ከላይ ካሉት ሴቶች አንዷ ልትሆን ትችላለች። ያን ጊዜ ላፕቶፑን ዘግቼ ልጄ የተኛበት ክፍል ሄድኩ።

ሌሎች ዓምዶችም አሉ። የጠፋ አለ? ነጻ የወጣ አለ? ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነው? 1860 ላይ ደግሞ አንድ አዲስ ዓምድ ጨመሩ፦ ባሪያዎቹ የሚኖሩባቸው ቤቶች ብዛት። አስቡት። ጎጆው ስንት እንደሆነ መንግሥት ማወቅ ፈለገ፣ እዚያ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ማን እንደምትባል ግን አልፈለገም።

እኔ እንዲያው ግዴለሽነት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ለ1850 የተዘጋጀው ረቂቅ የእነሱንም ስም ይጠይቅ ነበር። ሴናት ውስጥ ክርክር ተነሳና፣ አንድሪው በትለር የሚባሉ የደቡብ ካሮላይና ሴናተር ስሙ ይቅር፣ በቁጥር ይተካ አሉ፣ እንዳሉትም ሆነ። አንዲት ሴት ስንት ልጅ እንደወለደች የሚጠይቀውም አብሮ ተሰረዘ። ቁጥሩን ግን ይፈልጉታል፣ ምክንያቱም በሕገ መንግሥቱ መሠረት የምክር ቤት ወንበር ሲከፋፈል አምስቱ ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ይታሰባል፣ ባሪያ የበዛበት ግዛት ወንበሩም ይበዛለታል። ሰውዬው ራሱ ድምፅ አይሰጥም።

1860 ላይ የአገሪቱ ሕዝብ 31,443,321 ነበር። ከዚህ ውስጥ 3,953,760ው በባርነት የተያዙ ናቸው። ቨርጂንያ ብቻዋን 490,865፣ ከግዛቶቹ ሁሉ የሚበልጠው እሷ ነበረች። በዚያ ዓመት መቶ ዓመት የሞላው ባሪያ ስሙ ይጻፍ የሚል መመሪያም ነበር። ስም ለማግኘት መቶ ዓመት በባርነት መኖር!

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ አበሻ የሞላበት ነው። ዱክ ስትሪት ላይ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ሰው ነጋዴዎች ቢሮ የነበረበት ቤት ዛሬም ቆሟል፣ ሙዚየም ሆኗል። ከዚያ ነው ብዙ ሺህ ሰው ወደ ደቡብ የተላከው። ስንት ዓመት በዚያ በኩል በመኪና ሳልፍ አንድ ቀን ቆሜ አላውቅም። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቆምኩ፣ ልጄን ይዤ። «ማሚ፣ እዚህ ማን ይኖር ነበር?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ወደ ማዘር ልመለስ። ባርነት በ1865 ቀረ። ቀጣዩ ቆጠራ 1870 ነው፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው የተጻፉበት። ማዘር የአያታቸውን አያት እዚያ አግኝተዋቸዋል። ስማቸው አለ፣ ዕድሜያቸው 35። ከዚያ በፊት ያለውን የሚፈልግ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው፦ ከዕድሜው አሥር ዓመት ይቀንሳል፣ የ1860ውን መዝገብ ይከፍትና በዚያው አካባቢ ጌታ ሊሆን የሚችለውን ሰው ይፈልጋል፣ ከሥሩ ደግሞ የ25 ዓመት ሴት አለች ወይ ብሎ ያያል። ማዘር ይሄንን ስንት ዓመት ሠርተውታል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሙሉ ቀን እቀመጥበታለሁ ይላሉ።

ሐሙስ ዕለት አንድ ወረቀት አምጥተው አሳዩኝ፣ የዚያ ገጽ ኮፒ። መሃል ላይ አንድ መስመር አለ። 1፣ 25፣ ሴት፣ ጥቁር። ጎኑ ላይ የአያታቸውን አያት ስም ጽፈውበታል። እኔ ደስ ብሎኝ «አገኟቸው ማለት ነው!» አልኩ። «እርግጠኛ አይደለሁም» አሉኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው በእርሳስ ነው የጻፉት።