ድንኳን ሳይጣል ተቀባይ ይፈለግ፦ ስለ ምግብ ብክነት ከጅማና ከአካባቢዋ ለደወላችሁ አድማጮች

ባለፈው ቅዳሜ በስልክ ሰዓታችን ስለ ምግብ ብክነት ስናወራ ስልኩ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ፋታ አልሰጠንም። በጥድፊያ የመለስኳቸው ስላሉ፣ «እንደገና አብራሪልን» ያላችሁኝም ስለበዛችሁ፣ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው ሰብሰብ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። ሙያዬ የድኅረ ምርት አያያዝ ነው፤ እህሉም ፍራፍሬውም ከማሳ ከወጣ በኋላ እስኪበላ ድረስ የሚደርስበትን እከታተላለሁ።

ከሂርማታ የደወሉ የእድር ጸሐፊ፦ «ሰርግም ይሁን ለቅሶ ሲኖር ምግብ ይተርፋል። በማግስቱ ድንኳን ስናነሳ ግማሽ ድስት ወጥ ሸቶ እናገኛለን። ለችግረኛ እንዳንሰጥ ሰው እናሳምማለን ብለን እንፈራለን። ምን ይሻላል?»

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ በዚህ ከተማ ይህን ሥራ ከእድር የበለጠ የሚችለው የለምና።

ወጡ የተበላሸው ጠዋት አይደለም፣ ማታውኑ ነው። የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በኋላ ከሁለት ሰዓት ጊዜ በላይ እንዲሁ መቀመጥ የለበትም፤ ጀርም የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። የድግስ ድስት ደግሞ ያታልላል። ጎኑን ሲዳስሱት በርዷል፤ ጭልፋ ወደ መሃሉ ቢሰዱ ግን እኩለ ሌሊትም ለብ እንዳለ ነው። ስለዚህ እስኪሰጥ ድረስ ከሰል ላይ እየተንተከተከ ይቆይ፣ አለዚያ በሰፋፊ ትሪ ስስ ተደርጎ ተዘርግቶ ቶሎ ይቀዝቅዝና ፍሪጅ ይግባ። ያደረውን አፍልቶ መስጠት ሁልጊዜ አያድንም፤ አንዳንዱ ጀርም ትቶት የሚሄደው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ሩዝ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ።

ዋናው ነገር ግን ሰዓቱ ነው። ምግብ የሚደፋው ሰው ስለጨከነ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት የሚረከብ ሰው ስላልተዘጋጀ ነው። ማታ ሁሉም ደክሞታል፣ «ነገ እናየዋለን» ይባላል፣ ነገ ሸቷል። እድራችሁ ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ ሰሃን አለው፣ ጥሩምባ ነፊ አለው። አንድ ሰው ብቻ ጨምሩበት፦ የተረፈውን አድራሽ። ሥራው የሚጀምረው ከድግሱ ሁለት ቀን በፊት ነው። መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ አረጋውያን የሚጦሩበትን ቤት ይጠይቅ። ከገጠር በሽተኛ ይዘው መጥተው ሆስፒታል ደጅ የሚያድሩ አስታማሚዎች አሉ፤ እነሱን ማንም አያስታውሳቸውም። ስንት ሰው እንደሚቀበል፣ ማን መጥቶ እንደሚወስድ፣ በስንት ሰዓት፣ ይህ ሁሉ ድንኳን ሳይጣል ይታወቅ።

በጅማ ደግሞ አንድ ነገር አይረሳም። ሥጋው የሙስሊም ነው የክርስቲያን? ወጡ የጾም ነው የፍስክ? ለየብቻው ድስት፣ ለየብቻው ጭልፋ ይሁን፤ ሲሰጥም በግልጽ ይነገር። የተቸገረ ሰው እምነቱን አሳልፎ እንዲበላ ማድረግ ምጽዋት አይባልም። እንግዳ ሰሃን ላይ የወጣው አይሰጥም፤ ከድስቱ ያልወጣው ብቻ ነው የሚሰጠው።

ከአጂፕ የደወለ ወጣት፦ «ሰው በሚራብበት አገር ስለ ብክነት ማውራት የሀብታም አገር ወሬ አይሆንም?»

ወንድሜ፣ ብዙ ሰው እንደ አንተ ያስባል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ላይ በቤት፣ በምግብ ቤትና በሱቅ የተጣለው ምግብ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው፤ ከዚህም 60 በመቶው ከየቤቱ የወጣ ነው። ይህ ቁጥር ግን ጎተራን አይጨምርም። የእኛ ገበሬ የሚያጣው ሰሃን ላይ ሳይሆን ገና ማሳ ላይ፣ ጎተራ ውስጥና በመንገድ ላይ ነው። ነቀዝ የበላው በቆሎ ያው ለልጆች ሊሆን የነበረ ምሳ ነው። ረሃብና ብክነት በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር አብረው ይኖራሉ።

ከሰቃ ጮቆርሳ የደወሉ ገበሬ፦ «በቆሎዬን ነቀዝ እየጨረሰው ነው። ገበያ ላይ ጎተራ ውስጥ የሚጣል ክኒን ይሸጣል። ልጠቀምበት?»

አባቴ፣ ይህንን ቀስ ብዬ ልናገር። ያ ክኒን እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ነቀዙን ይገድላል፣ ሰውንም ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። እህሉ ከምትተኙበት ቤት ወይም ከጓዳ ካለ ክኒኑን ፈጽሞ አይንኩት። እህል ባለበት ክፍል ልጆች ተኝተው ሳይነቁ የቀሩባቸው ቤቶች አሉ፤ እባክዎን።

ሌላ መንገድ አለ፤ ፒክስ የሚባለው ከረጢት። ከውጭ ተራ ማዳበሪያ ነው፣ ከውስጥ ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢቶች አሉት። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሜሩን ውስጥ ለአተር መሰል እህል ተብሎ የተሠራ ነው፤ ዛሬ ለበቆሎም ያገለግላል። ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ታፍኖ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። ሲሞሉት አየሩን በእጅዎ ተጭነው ያስወጡ፤ የመጀመሪያውን ፕላስቲክ አፍ ጠምዝዘው፣ አጥፈው፣ አጥብቀው ይሰሩት። ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ ከዚያ ማዳበሪያውን። ሦስቱን በአንድ ገመድ ካሰሩት አይሆንም። እንጨት ላይ አስቀምጡት፣ ከግድግዳም ራቅ ይበል፤ አይጥ ከበሳው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በየሳምንቱ እየከፈቱ አይዩት፣ አየር ይገባበታል።

ከሁሉ በፊት ግን በቆሎው ይድረቅ። እርጥብ በቆሎ ታፍኖ ከተቀመጠ ይሻግታል። የጅማ ዝናብ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ችግሩ እዚህ ይብሳል። መለኪያ መሣሪያ ከሌለዎት ጨው ይበቃዎታል። ደረቅ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎ እስከ ሲሶው ይጨምሩ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው ያክሉበት፣ በደንብ ይነቅንቁና 15 ደቂቃ ያስቀምጡት። ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ገና እርጥብ ነው፣ ሸራ ላይ ይመለስ። ጨው ባይለጠፍም ፀሐይ ካለ አንድ ቀን ጨምሩለት፤ ጨው የሚለየው 15 በመቶ አካባቢ ያለውን እርጥበት ነው፣ ለዚህ ከረጢት ደግሞ ከ13 በመቶ ቢወርድ ይሻላል።

ከቆጪ የደወሉ እናት፦ «እንጀራ ሲሻግት የሻገተውን ቆርሼ ቀሪውን እንበላለን፤ ካልሆነም ለላሚቱ እሰጣለሁ። ልክ ነኝ?»

እትዬ፣ አይደለም። አረንጓዴው የሚታየው ከላይ ያለው ብቻ ነው፤ ሥሩ በእንጀራው ዓይን ውስጥ ለውስጥ ሄዷል። ለላሚቱም አይሁን። በተለይ የሻገተ በቆሎና ፋጉሎ የበላች ላም፣ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በወተቷ ይወጣል፤ ወተት ማፍላት አያጠፋውም። ያን ወተት የሚጠጣው ልጅ ነው።

እንጀራዎ ቶሎ የሚሻግት ከሆነ ሲጋገር ይመልከቱ። ትኩሱን በትኩሱ ላይ ሲደራርቡ ላቡ ታፍኖ ይቀራል። እያንዳንዱ ሰፌድ ላይ በርዶ ከዚያ ይደራረብ። ከሁለተኛው ቀን በኋላ እንደማያልቅ ካወቁ፣ ሳይሻግት ድርቆሽ ያድርጉት። በክረምት ፀሐይ የለም አይበሉ፤ ጋግረው ሲጨርሱ ምጣዱ ገና ትኩስ ነው፣ ቆራርሰው እዚያው ላይ ይበትኑት።

ምግብ ቤት የሚሠራ ተማሪ፦ «ማታ ስንዘጋ ልጆች ፌስታል ይዘው ለቡሌ በር ላይ ይቆማሉ። ከሰሃን የተራገፈውን ነው የምንሰጣቸው። ያሳዝነኛል።»

ማዘንህ ልክ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ የሎሚ ልጣጭና ሶፍት ከወጡ ጋር ተቀላቅሎ በፌስታል ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ልጁ ቆሞ ሶፍቱን ይለቅም ነበር። እስከ ዛሬ አልረሳውም። ለአለቃህ ወጪ የሌለውን ነገር ንገረው፦ ክዳን ያለው ንጹሕ ባልዲ ወጥ ቤቱ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሰው ያልነካው ብቻ ይግባበት፤ ሲዘጋ ሳይሆን ገና ትኩስ እያለ ይሰጥ። ከቻላችሁ ደግሞ በሰሃን፣ ተቀምጠው ይብሉ።

ጅማ መርካቶ አቮካዶ የምትሸጥ እህት፦ «ግማሹ ይላሽቅብኛል።»

አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ ስለዚህ ገበሬው በአንዴ ሁሉንም እንዳይለቅም፣ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ እንዲያመጣልሽ ተስማሚ። እንጨቱ ትንሽ ቀርቶበት ይቀጠፍ፣ በማዳበሪያ ሳይሆን በሳጥን ይምጣ። የለሰለሰውን ጠዋት ለይተሽ ለጁስ ቤት ስጪ፤ ከሰዓት በኋላ ማንም አይገዛሽም።

ከቦሳ አዲስ፦ «ሠፈራችን ያለው የአትክልት ገበያ ቆሻሻውን አዌቱ ወንዝ ዳር ይጥላል። ወጣቶች ኮምፖስት ልንሠራ አስበናል፣ ጎረቤት ግን ይሸታል ይላል።»

በርቱ! አየር ሳያገኝ የተከመረ ቆሻሻ ሚቴን ጋዝ ያመነጫል፤ ከሽታው በላይ የአየር ንብረትን የሚጎዳው እሱ ነው። እናንተ ዘንድ ደግሞ ብዙ ከተማ የሌለው ሀብት አለ፤ የቡና ገለፈት። አንድ ንብርብር የገበያ አረንጓዴ፣ ከላዩ ገለፈት፣ ትንሽ የከብት እበት፣ እንደገና አረንጓዴ። ከላይ በኮባ ቅጠል ይሸፈን፣ ዝናቡ እንዳያበሰብሰው። በየሁለት ሳምንቱ ገልብጡት። እፍኝ ዘግናችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ እርጥበቱ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ ውሃ በዝቷል። ከሸተተም አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ያኔውኑ ገልብጡትና ደረቅ ገለፈት ጨምሩበት።