እርጥብ ጆንያ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶችና ስለ አንድ እርጥብ ጆንያ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ አራተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ትነትን ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩት በጠመኔ ነው። ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይደግሙታል፤ ፈተና ላይም አሳምረው ይጽፉታል። ባለፈው ግንቦት ግን አንዲት ተማሪዬ፣ «መምህር፣ አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የውኃ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ መኪናው ጎን ያንጠለጥለዋል። ለምን ይቀዘቅዛል?» አለችኝ። የትነትን ትርጉም እንደ ውኃ የምትጠጣው ልጅ፣ የጠየቀችው ስለ ትነት መሆኑን አላወቀችም። አንጀቴን በላችው። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

በማግስቱ ባዶ የውኃ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጆንያና ሲባጎ ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው። እያንዳንዱ ቡድን አንዱን ጠርሙስ ራቁቱን፣ ሌላውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በወደደበት ቦታ ያስቀምጣል። ሕጉ ይኸው ብቻ ነበር።

አንዱ ቡድን ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አንጠለጠለ። ሌላው ደግሞ «ፀሐይ እንዳያገኘው» ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተና ቆለፈበት። «ተዉ፣ እዚያ ውስጥ አይሆንም» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንደምንም ዋጥኩት። በተግባር ሳስተምር ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ዝም ማለት ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ለካን። ዛፉ ላይ ራቁቱን የዋለው ጠርሙስ 32 ዲግሪ፣ ጆንያ የለበሰው 26። የቁም ሣጥኖቹ ግን እምብዛም ልዩነት አልነበራቸውም። የቡድኑ መሪ ጆንያውን በሁለት እጁ ጨመቀው፤ ውኃው ጠብ ጠብ አለ። ከዛፉ የወረደውን ዳሰሰ፤ ጠርዙ ደርቋል። አንዱን ለቆ ሌላውን እየያዘ ቆየና፣ «የእኛ ውኃ አልሄደም» አለ። ጓደኛው ቀበል አድርጎ፣ «በር ተዘግቶበት የት ይሂድ?»

ከዚያ ወዲያ እኔ የጨመርኩት ጥቂት ነው። ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ተንኖ የሚወስደው ሙቀት፣ የአንድ ሊትር ውኃን ሙቀት በ3 ዲግሪ ያህል ለመቀነስ ይበቃል። የተዘጋው ቁም ሣጥን አየር በእንፋሎት ስለሚሞላ ግን ትነቱ ይዳከማል። የእኛ ደረቅና ነፋሻ አየር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። ትርጉም ሲደግሙ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው አንድ ቋንቋ ነበር። ያን ቀን ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ነበር የሚከራከሩት።

ለሚቀጥለው ሳምንት ሐዲዱን አስቤያለሁ። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ባይደርስ ከተማችን አትቆረቆርም ነበር። በአሮጌው ሐዲድ መጋጠሚያዎች ላይ ክፍተት የተተወው ለምን ይሆን? 10 ሜትር ብረት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ቢጨምር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህን ከመንገሬ በፊት ግን በሁለት ወንበሮች መካከል ሽቦ እንወጥራለን፤ መሐሉ ላይ የበር ቁልፍ አንጠልጥለን ሽቦውን በሻማ እናሞቃለን። ቁልፉ ዝቅ ሲል በማስመሪያ ይለኩታል። ጠርሙሱን የቆለፈበት ልጅ ከወዲሁ ማስመሪያውን እያሳየ፣ «የምለካው እኔ ነኝ» ብሎኛል።