ቀድሞ የሚደርሰው የባልደረባ እጅ ነው

የተከበራችሁ አሠሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች፣ ከየግንባታው ቦታና ከየፋብሪካው የመጣችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ዛሬ ሚያዝያ 20 ነው፤ በመላው ዓለም የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ቀን ሆኖ ይታሰባል። እኔ የተጋበዝኩት ስለ መጀመሪያ ሕክምና ርዳታ እንድናገር ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በግንባታ ሥራ ላይ ያሳለፍኩ ፎርማን ነኝ። ይህን ትምህርት የተማርኩትም በጣም ዘግይቼ ነው። ለምን እንደተማርኩት ልንገራችሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሶሌታ እየሞላን ሳለ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባልዲ ይቀበል የነበረ የቀን ሠራተኛ የረገጠው ባሕር ዛፍ ከነምስማሩ ተነቅሎ ወደቀ። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። አካፋውን ጥሎ ያልሮጠ ሰው አልነበረም። አንዱ ፊቱ ላይ ውኃ ረጨበት፤ ሌላው ቀና አድርጎ ሊያስቀምጠው ታገለ። በመጨረሻ አራት ሆነን አነሣነው፤ ሁለቱ በብብቱ፣ እኔና አንድ አናፂ ደግሞ በእግሮቹ ይዘን፣ ወገቡ መሀል ላይ እንደ ጆንያ እየረገበ፣ ፒካፕ ላይ ጫንነው። መንገዱ ኮረኮንች ነበር።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ ከምን ያህል ከፍታ እንደወደቀ ጠየቁን። ቀጥለው «እንዴት አድርጋችሁ አመጣችሁት?» አሉን። ነገርናቸው። ዝም አሉ። ልጁ ሕይወቱ ተርፏል፤ በእግሩ ግን ዳግም አልቆመም። አከርካሪውን የጎዳው አወዳደቁ ይሁን የእኛ አነሣሥ፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን ደግነት አልጎደለንም። ሰው ወድቆ አይቶ የሚያልፍ ሕዝብ አይደለንም፤ እንረባረባለን። የጎደለን «አትንኩት!» ብሎ የሚጮህ አንድ ሰው ነበር። ከዚያም በራስጌው ተንበርክኮ፣ ጭንቅላቱን ባለበት ሁኔታ በሁለት እጁ ደግፎ፣ «አይዞህ፣ እንዳትንቀሳቀስ» እያለ ርዳታ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው። ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ ሰው እየተነፈሰ ከሆነ፣ እሳት ወይም የሚደረመስ ነገር ካላሰጋው በቀር ከቦታው አይነሣም። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ!

ከቤት ይዘናቸው የመጣናቸው ልማዶችም አሉ። መጋዝ እጁን ለቆረጠው ሰው «ቡና ነስንሱበት» እንላለን። ቡናው ቁስሉን ያቆሽሻል፤ ሐኪሙንም ሌላ ሥራ ያስይዘዋል። ደም የሚቆመው በግፊት ነው። ንጹሕ ጨርቅ አጥፋችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉና በክብደታችሁ ተጫኑት። በየደቂቃው ገልጣችሁ «ቆመ ወይ?» ብላችሁ አትዩ። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቡበት። የተቆረጠ ጣት ካለ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አስገቡት፤ ፌስታሉን አስራችሁ በረዶ ላይ አድርጋችሁ ከሰውየው ጋር ላኩት። ጣቱ ራሱ በረዶውን መንካት የለበትም።

ለተቃጠለ ሰው የጥርስ ሳሙናም እንቁላልም አይቀባም፤ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈስስበታል። ቧንቧው ውኃ ካልመጣለት በጄሪካን ያለው ይበቃል። የሚጥል በሽታ ለተነሣበት ባልደረባችሁ ደግሞ እባካችሁ ክብሪት አታሽትቱት፤ አፉ ውስጥም ምንም አትጨምሩ። የሚያጋጨውን ነገር አርቁለት፤ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ያስፈልገዋል።

በተለይ በያጆችና ኤሌክትሪሻኖች፣ አሁን የምናገረውን ልብ በሉልኝ። ጓደኛችሁን ኮረንቲ ሲይዘው መጀመሪያ የምትሮጡት ወደ እሱ አይደለም፤ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ነው። እጁን ልጎትት ያለ ሰው አብሮት ይያዛል፤ ለአንድ ሰው የመጣው ሞት ሁለት ቤት ያንኳኳል። ኃይሉ ከጠፋ በኋላ ትከሻውን መታ መታ አድርጋችሁ ጥሩት። ካልመለሰ፣ በትክክልም ካልተነፈሰ፣ ልቡ ቆሟልና አንዱ ይደውል፤ አንዱ ይንበርከክ። የአንድ እጅ መዳፍ ተረከዝ በደረቱ መሀል፣ ሌላው እጅ በላዩ፣ ክንዶች ቀጥ ብለው። ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ግፉ፤ ደረቱ ተመልሶ እስኪነሣ ልቀቁ፤ እንደገና ግፉ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ ወደ ሁለት ጊዜ ያህል ነው። የሠለጠነ ሰው በየ30 ግፊቱ ሁለት ትንፋሽ ይሰጣል፤ ያልሠለጠነ ግፊቱን ብቻ ሳያቋርጥ ይቀጥል። ያደክማል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ላብ ያጠምቃል። ስለዚህ ተቀባበሉ። ልብ ካቆመ በኋላ አንጎል ያለ ኦክስጅን ከአራትና ከአምስት ደቂቃ በላይ ሳይጎዳ መቆየት አይችልም። በአዲስ አበባ መንገድ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚደርስ አምቡላንስ ተስፋ አድርጋችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ።

መደወሉ ግን የግድ ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። ቁጥሮቹን በትልቁ ግድግዳ ላይ ጻፉ፤ ከሥራቸው የሥራ ቦታችሁን ትክክለኛ አድራሻ ጨምሩ። የደነገጠ ሰው ሰፈሩን ይረሳል። አንድ ሰው ደግሞ አስፋልቱ ዳር ቆሞ አምቡላንሱን ይቀበል፤ በየቅያሱ ሲዞር የሚጠፋው ጊዜ የሰው ሕይወት ነው።

አሠሪዎቻችን፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተጎዳን ሠራተኛ በጊዜው የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ የመስጠትና ተስማሚ በሆነ ማጓጓዣ በአቅራቢያው ወዳለ የሕክምና ተቋም የማድረስ ግዴታ ጥሎባችኋል። «ተስማሚ» የሚለውን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ያ ፒካፕ ይመጣብኛል። ልጁ የወደቀ ዕለት የርዳታ ሣጥን ነበረን። ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ከግምጃ ቤት ኃላፊው ጋር፣ ኃላፊው ደግሞ ቁርስ ላይ ነበር። በኋላ ሲከፈት የተገኘው ግማሽ ጠርሙስ አልኮልና አንድ ጥቅል ፕላስተር ነው። የምለምናችሁ፣ ሣጥኑ ክፍት ይሁን፤ በውስጡ ፋሻ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጓንትና መቀስ ይኑር፤ በየፈረቃው ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ይመደቡ። አንዱ ራሱ ተጎጂ ሊሆን ይችላልና አንድ ሰው አይበቃም። የሥልጠናውንም ሰዓት ከደመወዝ አትቁረጡ።

ከሻይ በኋላ ልምምዱ በዚሁ አዳራሽ ይጀመራል። አሠልጣኞቹ ሰው መሰል አሻንጉሊቶቹን ወለሉ ላይ ዘርግተዋል። ጃኬታችሁን አውልቁ፤ ሴቶች እኅቶቼም እንዳታፍሩ፣ የሚንበረከኩበት ምንጣፍ ለብቻ ተዘጋጅቷል። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ አሁን እጁን ያሳየኝ።